በቀሚሴ ገበር ላይ የቀረው ጠመኔ

ውድ ልብስ ሰፊዋ ልጄ፣

ሱቅሽን ዘግተሽ ወደ እህትሽ ከተማ ከሄድሽ ሁለት ወር ሆነ። ምስጋና አለብኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ "ኧረ ቲቸር!" እያልሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የልብስ ስፌት አስተማሪሽ ሳለሁ የሰፋሽውን አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ተርትሬ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት "መስመር ማለት ምን እንደሆነ የማታውቅ!" ብዬሻለሁ። አንቺ አትረሺውም፤ እኔም አልረሳሁት።

ሱቅሽን ከመዝጋትሽ በፊት ባለው ሰሞን ቀኝ ጎኔን እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር። ልቤ ተመረመረ፣ ደህና ነው። ኩላሊቴ ታየ፣ ደህና ነው። ገላዬ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ወንዱ ልጄ "እማዬ፣ ብቸኝነት ነው፤ እኛ ጋ ግቢ" እያለ ቤቴን ሊያከራይ ደላላ ጠራ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን "አሳዪኝ!" ስል የኖርኩ ሴት የማሳየው አጣሁ፤ ራሴንም መጠራጠር ጀመርኩ።

አንቺ ግን የምትሰፊልኝን ቀሚስ ገበር አልብሰሽኝ ሜትሩን ስታዞሪ ቆም አልሽ።

"ቲቸር፣ እዚህ ጋ ስደርስ ፊትዎ ተለወጠ።"

"ዝም ብለሽ ለኪ!"

"እለካለሁ። ግራዎን ስነካ ምንም አይሉም፤ ቀኝዎን ብቻ ነው።"

"ምን ታየሽ? ምንም የለም እኮ።"

"እኔ መቼ ታየኝ አልኩ? ከየት ተነስቶ የት እንደሚያቆም ይንገሩኝ።"

እኔ "እዚህ፣ እዚህ" ባልኩ ቁጥር በጠመኔ ገበሩ ላይ አሰመርሽ። ከጀርባ አጥንቴ ተነስቶ፣ በጎኔ ዞሮ፣ ጡቴ ሥር የሚያበቃ ግማሽ መቀነት ወጣ። "የሐሳብ ሕመም እንዲህ ልኩን አያውቅም። ካፖርት ደርበው ይህንኑ እንደለበሱ ሐኪም ቤት ይሂዱ" አልሽኝ። እንደ ተማሪ ታዘዝኩሽ።

ሐኪሟ መስመሩን በጣቷ ተከትላ "አልማዝ ባለጭራ ይመስለኛል" አለች።

"ሽፍታው የታለ?" ብዬ ተከራከርኳት።

በልጅነቴ የያዘኝ የጉድፍ በሽታ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ እንደነቃ፣ አንዳንዴም ሽፍታ ሳያወጣ ነርቩን ብቻ እንደሚያቃጥል አስረዳችኝ። የደም ምርመራውም ያንኑ አለ። መድኃኒት ጀመርኩ። ልጄ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ለደላላው ደውሎ አሰናበተው።

አሁን በቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ እንቅልፌን እተኛለሁ። ቀሚሱን ለሌላ ሰፊ አልሰጠሁም፤ ገበሩንም አላጠብኩት። ትናንት መስኮቱ ጋ ዘርግቼ አየሁት። መስመርሽ ሁለት ቦታ ላይ ጠሟል። ላርመው ጣቴን አስከተልኩና ተውኩት፤ ሕመሜም የሚጠምመው እዚያው ላይ ነበር።

ያንን እጅጌ ሦስት ጊዜ መተርተር አልነበረብኝም። አንዴ ይበቃ ነበር።

ስትመጪ ቀሚሱን ጨርሺልኝ። ቆሜ አልቆጣጠርሽም።

አክባሪሽ፣
የድሮ አስተማሪሽ