አረፋ ያወጣው ቱቦ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሆዴ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ጉልበቱን እያማረረ ደህና ነው።

ለልብ ቀዶ ሕክምና ከላብራቶሪሽ የላክሻቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች እኔ የምሠራበት የሆስፒታሉ መመርመሪያ ክፍል ደርሰዋል። እሽጉን የፈታሁት እኔው ነኝ። እንደ ደንቡ ከየቱቦው ቁራጭ ወስጄ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ያልተነካ ፕላስቲክ ላይ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል፤ ደም እንዳይረጋበት በማሽናችሁ የአዮን ጨረር ካገኘው ግን የላይ ቆዳው ራሱ ስለሚለወጥ ውሃው ይዘረጋል። ያንቺዎቹ ላይ ተዘረጋ። «ቀስ በሉ» የምንለው ባልደረባዬ አጨበጨበ።

«እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ጉድ ናት!»

እኔን ግን ከነከነኝ። ጨረር ያገኘው ፕላስቲክ ትንሽ ወየብ ይላል፤ ያንቺው ነጭ እንደሆነ ነው። አንዱን ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ነቀነቅሁት። አረፋ አወጣ። አድርቄ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጠብታው ድቡልቡል አለ።

«መንገድ ላይ ቆይቶ ይሆናላ፤ ሲቆይ ወደ ድሮው ይመለሳል» አለ ቀስ በሉ።

መመለሱስ ይመለሳል፤ ግን በአንድ ማለቅለቅ አይደለም። አረፋው የሳሙና ነው፤ ሳሙና የተቀባ ፕላስቲክ ላይም ውሃ ይዘረጋል። ሳሙናስ ከየት መጣ? መጀመሪያ ቀስ በሉን ጠረጠርሁ። ቀጥዬ ጠርሙሱን። በአዲስ ጠርሙስ ብቻዬን ደገምሁት፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲያ የምጠረጥረው ሰው አጣሁ። አጣሁ ልበል እንጂ።

ዛሬ ጠዋት የሕፃናት ልብ ቀዶ ሐኪሟ መጣች።

«አለፈ ይበሉኝና ነገ ልጀምር፤ ልጆቹ እየደከሙብኝ ነው።»

«አላለፈም። እዚህ ቱቦ ውስጥ ደም ይረጋል» አልኳት።

«የማን ጥፋት ነው?»

«ገና እያጣራሁ ነው።»

ፊቷን አዙራ ወጣች። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ አልሁ።

ልጄ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሸ በይኝ። አለቃሽ አጣድፎሽም ከሆነ ንገሪኝ። ሳሙና የቀባው ሌላ ሰው ነው ካልሽኝም አምንሻለሁ፤ ብቻ ከአፍሽ ልስማው። ዓርብ ያየሁትን ጽፌ እፈርማለሁ። የላኪውን ስም መዝለል አይፈቀድልኝም።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ልብሽን ያበርታልኝ። አባትሽ አጠገቤ መጥቶ «ይሄን ሁሉ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊላት?» ሲለኝ «ናፍቆት ነው» አልሁት። ውሸት አይደለም።

እናትሽ