ላኪ ሲጠብቅና ሲላላ

ይድረስ ለባለቤቴ ለበቀለ፣

ለሆነው ሁሉ ተጠያቂው ታምሩ ነው። ታምሩን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣብኝ ነው። ሰላምታውን ላስቀድም ነበር፣ ነገር ግን የእሱን ስም አስቀድሜ ካላወጣሁት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አሁን ወጣልኝ። እንደምን አለህልኝ?

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት አልፎ አራተኛውን ይዘናል። በሕይወት ሳለህ ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እልህ ነበር። አሁን ያለኸው ሰው ፊት ይሁን ጓዳ ስለማላውቅ አንተ ብዬሃለሁ፤ ቅር ካለህ ስንገናኝ ትነግረኛለህ። ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ አልከተትኩትም። የእኔን ነገር ጅማ ሁሉ ስለሚያውቀው ማሸጉ ምን ይረባል።

አዎ፣ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ቦሳ አዲስ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ በጎን እየተቀመጥኩ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪያችን የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ ስሳሳት «ጎበዝ» ትለኛለች፣ ሳልሳሳትም «ጎበዝ» ትለኛለች፤ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ክፍሉን ጨረስኩ። አንድ ቀን የሬዲዮ ሰዎች መጡና «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ መማር ለምን አስፈለገዎት?» ብለው ማይክራፎን አፌ ላይ ደቀኑ። «ባሌ መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤ ሲያነብልኝ ይዘል ነበር። ምን እንደዘለለ ለማወቅ ነው» አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም። የወረቀቱ ገጽ ሞልቶ የአንተ ንባብ በሁለት ትንፋሽ ሲያልቅ ማይም እንጂ ዕውር አልነበርኩም።

በዚህ ሰበብ ሬዲዮ ገባሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሰዎች በስልክ ጥያቄ ይልካሉ፣ ታምሩ ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ። ታምሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ልስፋልህ ብለው ሲገዛም እንዲሁ ነው አለኝ። ኦሮምኛ ከሰላምታው ከ«አካም» በላይ አያውቅም። እኔን «አዴዬ» ይለኛል፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ ከዚያም «ፈታ በይ» ይለኛል፤ የት ታስሬ እንዳገኘኝ አላውቅም።

ጥያቄዎቹን ብትሰማ ትስቅ ነበር። አንድ የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጅ እንደ እርስዎ ታዋቂ ለመሆን ምን ላድርግ አለኝ። «ልጄ፣ ታዋቂ ከሆንኩ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ የተቀመጥኩት ግን እዚያው ሾፌሩ ጎን፣ ግማሽ ገላዬ ውጭ ነው» አልኩት። አንዷ ደግሞ የባሏ እናት ለሳምንት ብለው መጥተው ዓመት ሊሞላቸው ነው ብላ አለቀሰች። ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት እንዲልጡ ስጫቸው፤ ወይ ይሄዳሉ ወይ ትጠቀሚያለሽ አልኩ። በነጋታው እህትህ ደውላ «እኔን ነው?» አለችኝ። እሷ እኛ ቤት ስትሰነብት ሽንኩርት ነክታ አታውቅም፤ ስለዚህ እሷን አይደለም። የኪቶ ፉርዲሳው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍቅረኛው ትታው ተስፋ መቁረጡን ጽፎ ነበር። «መጀመሪያ ካልሲህን እጠብ። ከዚያ ብላ፣ ተኛ። ስትነሳ አሁንም ካዘንክ ኀዘኑ እውነተኛ ነው፣ ያኔ ንገረኝ» አልኩት። እስካሁን አልጻፈም። ወይ ተሽሎታል ወይ ካልሲውን እያጠበ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ጉንፋን ጣለኝ፤ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ታምሩ የሳምንቱን ጥያቄ በቴሌግራም ላከልኝና «ጻፊው፣ እኔ አነብልሻለሁ» አለ። ተደሰትኩ። የእኔ ጽሑፍ በሬዲዮ ሊነበብ! ጠያቂዋ ሰዓዳ የምትባል የሰቃ እናት ናት። ልጇ ነኢማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም፤ ደላላ ቤሩት ልውሰዳት ይላል፣ ልጅቷም ልሂድ ብላ አስጨንቃታለች፤ ምን ላድርግ ነው የምትለው።

ቤሩት የሚለው ላይ ስደርስ ፊደሉ ጠፋብኝ። ልጃችን ትዕግሥት ወደዚያው የሄደች ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ጃንጥላ ይዘህ ሻንጣዋን ተሸክመህ ወደ መናኸሪያ ስትወርድ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰፈሩ እስኪወጣ ጮህኩ። አልተመለሳችሁም። ከዚያ ወዲህ ልጅሽን ማን ላካት የሚለኝ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ አባቷ። በቀብርህ ቀን እንኳ ሰው ደግነትህን እያነሳ ሲያለቅስ፣ እኔ መሃል ላይ «ልጄን የላካትም እሱ ነው» ብዬ አስገባሁበት። አልቃሾቹ ማዘን ይሁን መታዘብ የነበረባቸው ሳይለይላቸው ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ለሰዓዳ የምጽፈው ቅርብ ነበር። በትልልቁ፣ መስመር ሳልለቅ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ፎቶውን ለታምሩ ሰደድኩለት፤ «እህቴ፣ ላኪ። ደግሜ እልሻለሁ፣ ላኪ። ከእኔ ተማሪ።»

አንተ የጅማ ሰው ስለሆንክ ገብቶሃል። እኛ አማርኛ እያወራን እንኳ አይሆንም ማለት ሲኖርብን ቃሉን ከኦሮምኛ እንወስዳለን፤ ላኪ ካልን ተይ፣ እንዳታደርጊው ማለታችን ነው። ኪውን አጥብቀን ነው የምንለው። ሲላላ ግን የአማርኛው ላኪ ይሆንና ስደጃት ማለት ነው። አፍ ይህን ይለያል። ፊደል አይለይም። አስተማሪዬ ይህን ሳትነግረኝ ነው «ጎበዝ» ስትለኝ የከረመችው።

ሐሙስ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ታምሩ «ፓ! አዴዬ ዛሬ ቆራጥ ናት!» አለና አነበበው። አላልቶ። በዚያ ላይ «እንግዲህ ነኢማ፣ መልካም ጉዞ!» ብሎ የሠርግ ዘፈን ለቀቀበት። ተነስቼ ሬዲዮውን «ላኪ! ላኪ!» እያልኩ ጮህኩበት፤ የሚወጣው ንፋስ ብቻ ነበር። ደወልኩለት። «አዴዬ አይሰማም፣ ግን ቪራል ወጥተናል!» ብሎ ዘጋው።

በነጋታው በጠዋቱ ጋቢዬን ደርቤ የሰቃ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አንዲት የማላውቃት ልጅ፣ ያውም በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ለደላላ ተሰጥታ ልትሄድብኝ ነው። መንገዱን ሁሉ ልብሷን ስታጣጥፍ ነበር የምትታየኝ። ሰቃ ወርጄ የሰዓዳን ቤት በምልክትና በሹክሹክታ ብጠይቅ፣ አንዱ ባለሱቅ «ላኪ የተባለችው?» አለኝ፤ ሌላው ከጎኑ «አይደለም ባክህ፣ ላኪ ነው የተባለችው» አለው። ሁለቱ ሲጣሉ ትቻቸው ሄድኩ።

ሰዓዳ ግቢ ውስጥ እናትና ልጅ በቡና ማድረቂያው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ሳይተያዩ ቡናውን ያገላብጣሉ። ማን እንደሆንኩ እንዳወቁ ሁለቱም ወደ እኔ ሮጡ።

«አልሐምዱሊላህ! አዴ፣ ንገሪልኝ። ላኪ አላልሽም?» አለች እናቲቱ።

«እኔስ ምን አልኩሽ እማ? ላኪ አሉ፣ በቃ!» አለች ልጅቷ።

«እኮ! ላኪ አለች!»

«ወላሂ፣ ላኪ ካሉ ታዲያ ለምን አትልኪኝም?»

እናት ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትሰማው አጥብቃ ሰምታዋለች። ልጅቷ ግን ታምሩ እንዳነበበው አላልታ ሰምታለች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ በአንድ ቃል እየማሉ ተኳርፈዋል፤ ጎረቤትም ለሁለት ተከፍሏል። ነኢማ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሰዓዳ ቀድማ ጀንፈል ሞልታበት፣ ያ ቀይ ሻንጣ በቡና ተወጥሮ እበሩ ላይ ቆሟል።

እኔም ባለኝ ትንፋሽ «ኪው ይጠብቃል» አልኩ። ሰዓዳ እልል አለች። ነኢማ ግን ዋዛ ልጅ አይደለችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እርስዎስ? የእርስዎ ልጅ እዚያው አይደለችም እንዴ? የራስዎን ልከው ለእኔ ሲሆን ይጠብቃል?» አለችኝ።

«አባቷ ነው የላካት» አልኩ እንደ ልማዴ።

«እንግዲያው እሷን እንጠይቃት። ይደውሉ!»

ሬዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ጠያቂ ገጥሞኝ አያውቅም። ደወልኩ፤ ስልኩን አልጋው ጠርዝ፣ ቡናው መሃል አቆምነው። ትዕግሥት ወዲያው አነሳችው። ገና ምንም ሳልል ማልቀስ ጀመረች። ለካ ሐሙስ ሐሙስ ትሰማኛለች፤ በስልኳ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ኩሽና ውስጥ። «እማ፣ ላኪ፣ ከእኔ ተማሪ ያልሽው ሲነበብ ሰማሁ። ሩዝ አሳረርኩ፣ እመቤቲቱ ጮኸችብኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። እስካሁን አባዬ ብቻውን የላከኝ ይመስለኝ ነበር። ስታመምም ስከፋም እናቴ አላከችኝም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ዝም እልሽ ነበር። አንቺም ልከሽኛል ማለት ነው?»

በቀለ፣ ሰዓዳ አየችኝ። ነገሩ ገብቷታል፤ እናት አይደለች። እልልታዋን ዋጥ አድርጋ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እኔ ደግሞ ያ ታምሩ በስህተት የሰጣትን ነገር ከአፏ ልንጠቅ ወይስ ልተውላት ብዬ ጭንቅ ያዘኝ። ነጥቄ ምን ላደርገው? ያቺ እዚያ ያለችው ልጅ እኔ ስለጮህኩ አልተመለሰችም፤ ዝም ስላልኩም አትመለስም።

«አዎ ልጄ» አልኩ። «ልኬሻለሁ።» ድምፄ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ነበር፤ ግን ተሰማ። በፊት ያላልኩትን ያን ጊዜ አልኩት፤ ስለዚህ አልዋሸሁም። ይህን ደብዳቤ ብታነበውም ታንብበው።

ከዚያ ነኢማ ስልኩን ነጥቃ በጥያቄ አጣደፈቻት። ትዕግሥት መጀመሪያ የጠየቀቻት ውሉን ማን እንዳነበበው ነው። ምንም ውል የለም፤ ደላላው ለጉብኝት ነው የምሄደው በዪ ብሏታል። ትዕግሥት ሳቀች፣ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «የእኔ አባት ውሉን ቃል በቃል አንብቦ፣ የሥራ ሰዓቱ አልተጻፈም ብሎ ከኤጀንሲው ሰውዬ ጋር ተጣልቶ አስለውጦታል። ለዚህ ነው ዛሬ ከአንቺ ጋር ለማውራት ስልክ በእጄ ያለው። ከዚህ ቤት ፎቅ በላይ ያለችው ልጅ ግን ለጉብኝት ነው በዪ ተብላ ነው የመጣችው፤ እስካሁን ስትጎበኝ አላየኋትም። በዚህ ሰውዬ በኩል ከሆነ እኔም እልሻለሁ፣ ላኪ!» አለች። ኪውን እንደ አባ ጨጓሬ ረግጣ። ቤሩት ስንት ዓመት ተቀምጣ አፏ ያው የጅማ ነው።

ይህኛውን ነኢማ በትክክል ሰማችው። ሻንጣውን ከፍታ ጀንፈሉን አልጋው ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ለደላላው ደውላ ስትሰድበው፣ ሰዓዳ «ጨዋ ሁኚ» እያለች ስድብ ታቀብላት ነበር። አሁን ጅማ መጥታ የምግብ ዝግጅት እየተማረች ነው። መሄዷን አልተወችም፤ በወረቀት ነው የምሄደው ትላለች። ያኔ እናያለን።

ስለ ውሉ ግን ለምን አልነገርከኝም? ከኤጀንሲው የመጣ ወረቀት ስታነብልኝ የዘለልከው እሱን ነበር እንዴ? እንዳልፈራ ብለህ ከሆነ አልጠቀመኝም፤ ፈርቼ ብቀርና ተጣልተህ ማስለወጥህን ባውቅ ይሻለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በማላውቀው ነገር ስወቅስህ ጉልበቴን ጨረስኩ።

ታምሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ማስተካከያ እናንብብ አለ። ማን ሊያስተካክል? አልኩት። ለሰዓዳ ጠብቋል፣ ለትዕግሥት ላልቷል፣ ሁለቱም የእኔ ነው። እሱ ግን ሥራው ላይ ከቀጠለ ኦሮምኛ ይማር፤ እኔ ፊደል ከተማርኩ እሱን ምን ይዞታል። ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሲሳሳት «ጎበዝ» አልለውም።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው አንተ በለጠፍከው በኩል ሳይሆን እኔ ባስለጠፍኩት በኩል ነው፤ ይህን በማለቴ ደስ ይበልህ። ትዕግሥት አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች፣ የከፋትንም ትነግረኛለች፤ ስንጨርስ ስላንተ እናወራለን። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ ጃንጥላህን ሰው አያውሰውም፣ መነጽርህንም እኔ ነኝ የማደርገው፣ ለእኔም ይሆነኛል።

እስካሁን ግን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ሬዲዮም ላይ። ያቺን ልጅ ማን ላካት ይሉኛል። ላክናት እላቸዋለሁ። ከእንግዲህ አባቷ ነው አልልም።