የንጉሡ ዋንዛ

ሰኞ
ለሞተ ንጉሥ ይህን ሁሉ ወረቀት! ግቢዬ ውስጥ የተከራየው የታሪክ መምህር መጽሐፉን ሊጨርስ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ሰጠኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ሌላው የዘለለውን ያያሉ» አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ደብተር ብይዝ ምድጃ ይገባ ነበር። ቀስ ብዬ ባነብ ማን ይፈርድብኛል?

ማክሰኞ
አራተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። ንጉሡ በዚህ ሲያልፍ ሁሩሙ ከተማ አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር አረፈ ይላል። የአገሩ ሽማግሌዎች «ዱጋዳ! እውነት ነው!» እያሉ ምለውለታል። ያንን ዛፍ ዛሬም ማንም አይነካውም።

ውሸት ነው። የፈጠረው አባቴ ነው። ዛፉ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ሌቦች ማሩን ይሰርቁበት ነበር። መጤ ነውና የሚሰማው ዳኛ አጣ። አንድ የገበያ ቀን «ንጉሡ ከዚህ ሥር አርፏል፤ የነካ ይቀሰፋል» ብሎ አወራ። ከዚያ ወዲህ ማራችንን እኛ በላን። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ብናገር አባቴ ውሸታም ሊባል ነው። ዝም ብል የሰውዬው መጽሐፍ መበላሸቱ ነው።

ረቡዕ
አልነገርኩትም። ሁለቴ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ጫልቱ አይታኝ «በዚህ ዕድሜሽ ልታገቢው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ
መጀመሪያ ስለ ንጉሥ ለምን እንደሚጽፍ ጠየቅሁት። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበታል። እናቱ «ንጉሡም ያለ አባት ነው ያደገው» እያለች አሳደገችው። እውነቱን ላጣራ ብሎ ጀመረ።

«ታዲያ እውነት ነው?»

«የለም፣ እትዬ። የንጉሡ አባት የልጅ ልጅ አቅፎ ነው የሞተው።»

ሳቅኩ። «እናቴ ባትዋሸኝ ኖሮ ግን ትምህርቴን እተው ነበር» አለ። ያኔ የዋንዛውን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ምላሴን ምን አቅለበለበው!

ዓርብ
በሩ እንደተዘጋ ዋለ። ጎመን በእንጀራ አስቀመጥኩለት፤ አልተነካም።

ቅዳሜ
ማለዳ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ምዕራፉን እንደ አዲስ ጽፎታል። ባለ ቀፎው ገብቷል፤ ማን እንዳልሰማውም ገብቷል። «እኔም ላውቅ የምፈልገው ሰው ለምን የንጉሡን ስም እንደሚጠራ ነው» አለ። ለአባቴ ስም ክፍት ቦታ ትቶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ይመር» ብዬ ጻፍኩ።

የሁሩሙ ሰው ሲሰማ ዛፉን ይቆርጠው ይሆን? እኔ እንጃ። አባቴን ውሸታም የሚል ከመጣ ግን መጀመሪያ ማሩን ማን ሰርቆ እንደበላ ይንገረኝ።