ግርግሩ ካለፈ በኋላ የደረስንበት ባሕር

አብሮ አደጌ ሆይ፤ ይህን የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ስናቅድ «የዕረፍተኛው ግርግር ካለፈ በኋላ ሂዱ» ያልኸኝን ምክር ብሰማም፣ ለጉልበቷ ሕመም በባሕር ውኃ ውስጥ እንድትራመድ ሐኪም ያዘዛት ባለቤቴ «በስተርጅናዬ ጭኔን ለጎረምሳ አላሳይም» እንዳለች ውኃውን ሳትነካ እንዳንመለስ እስከ ዛሬ ማለዳ ስሠጋ ነበር። እንደ ከተማችን መዋኛ ያለ የገበያ ቀን ትርምስ ይጠብቀናል ስል፣ ዳርቻው የሸራ ወንበሮችን አጣጥፎ ከሚከምር አንድ ሠራተኛ በቀር ጭር ብሎ አገኘነው።

«ያ ሰውዬ ወደዚህ ያያል?» አለችኝ።

«ኧረ እሱስ ወንበሩን ነው የሚያየው» አልኋት።

ግራ ቀኝ ገላምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በመጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ኋላም እስከ ወገቧ ገብታ፣ ደረጃ ስትወጣ የምሰማው ማቃሰት ሳይሰማ ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ባይ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ የተሸከምሁት ጭንቀት ከትከሻዬ ወረደ።

«ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ከረባትህን ፍታና ና! ደግሞ አንተን ማን ያይሃል!» አለችኝ።

ገባሁ።

ይህ ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ ለባለቤትህ እጅ ነሥቻለሁ፣ ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ፣ ምክርህም ይባረክ። የራሰ ሱሪዬን የምታሰጣው ባለቤቴ «የእኔንም ሰላምታ አክልበት፣ ጥግ አታጣም» ትላለች።