አዲሶቹ ቫልቮችና የአንተ ትንፋሽ

ታዬ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሰው ሁሉ «አሁንስ ተረጋጋሽ» ይለኛል። አልተረጋጋሁም። ይህን እንኳ የምጽፍልህ ሦስቴ ተነስቼ፣ ሦስቴ ተመልሼ ተቀምጬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ራሔል ቁመቷ እኔን ደርሷል፤ ያንተን ሹራብ ካልለበስኩ ብላ በየጠዋቱ ትጨቀጭቀኛለች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የቀራንዮ መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር ያው ጭቃ ነው። ጠረጴዛህ ላይ ተከፍተው የቀሩትን የሰው ራዲዮኖች አብሮ አደግህ ጀማል የመርካቶ ሱቁን ዘግቶ እሁድ እሁድ እየመጣ ጨረሰልኝ፤ ሁሉም ለየባለቤታቸው ተመልሰዋል። አንተ በእጅህ የሠራኸውን አምፕሊፋየር ግን ለማንም አልሰጠሁም። እረፍት ያሳጣኝም እሱ ነው።

ሚያዝያ ላይ ቀበሌ ለስብሰባ ተዋሰኝ። እምቢ እንደማይባል ታውቃለህ። ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ውሎ ሲመለስ ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል። ከኋላ ከፍቼ ሳየው፣ ከእነዚያ ድምፁን ከሚያጎሉት፣ እንደ ትንሽ አምፖል ብርቱካናማ ሆነው ከሚበሩት ሁለት የጀርመን ቫልቮች አንዱ ጨልሟል። ስንጋባ የገጠምካቸው ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያዘፈኑን እነሱ ነበሩ። ለብርጭቆ አለቀስኩ ብልህ ትስቅብኛለህ።

ጀማል አዲስ ጥንድ አመጣልኝ፤ የሶቪየት ሥራ። የድሮዎቹ መምጣት ካቆሙ ቆዩ፣ አሁን የሚገኘው ይኸው ነው አለኝ። ስለዚህ ነገር ስትከራከሩ ስንት ምሳ ቀዘቀዘባችሁ! አንተ የድሮውን ቫልቭ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገህ እያየህ «ይኼን የሠራው ሰውዬ አልቸኮለም» ትላለህ። ጀማል ደግሞ «ቫልቭ ቫልቭ ነው፤ እስከበራ ድረስ ይሠራል» እያለ ያበሽቅሃል። እኔ መሀላችሁ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንድም ቀን ልዩነቱ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አዲሶቹን ገጥሜ መጀመሪያ ያጫወትኩት ያንን የቴፕ ክር ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ስሠለጥን፣ ለዘመን መለወጫ መምጣት ስላልቻልኩ፣ ስመለስ እንድሰማው በትልቁ ቴፕህ የቀዳህልኝን። «አስካልዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። እኔና ራሔል ደኅና ነን። አንቺ ትምህርትሽን ብቻ አስቢ» የምትልበትን። ከሄድክ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። በአዲሶቹ ቫልቮች ግን ድምፅህ ስል ሆነብኝ። ከሥሩ እምምም የሚል ጉምጉምታ አለ። ከዚያ ደግሞ «ደኅና ነን» ብለህ ቃል ስታሳርፍ ሲር የሚል ቀጭን ነገር ሰማሁ። ነፋስ በበር ክፍተት ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት።

ጥፋቱ የአዲሶቹ ነው አልኩ። ሸክላ አጫወትኩባቸው፤ ጉምጉምታው አለ፣ ሲርታው የለም። ክሩን መለስኩ፤ አለ። ነቅዬ ቦታ አቀያየርኳቸው፤ አሁንም አለ። ራሔል ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እማዬ፣ ይኼ እኮ ቫልቭ አይደለም። አባዬ መጨረሻ ላይ ሲተኛ የሚያሰማው ነው» አለችኝ። ጮህኩባት፣ ታዬ። «አንቺ ስለ ቫልቭ ምን ታውቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወጥቼ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ምክንያቱ ምን መሰለህ? ሕመምህን የነገርከኝ ዲፕሎማዬን ይዤ በመጣሁ በሳምንቱ፣ ሐምሌ ላይ ነው። «ሰሞኑን ትንሽ ደረቴን ያዝ ያደርገኛል» ነበር ያልከው። ክሩ የተቀዳው ግን ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ነው። ቫልቭ ካልሆነ አሥር ወር ሙሉ ደብቀኸኛል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አትጠይቀኝ። ሰሌዳ ላይ የመደመር ምልክት አድርጌ መቀነስ አስተምሬያለሁ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወርጄ በጭቃ ተመልሻለሁ። ቀበሌ ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ስኳሩን ሳልይዝ ወጥቻለሁ። ቫልቮቹን ሳይቀዘቅዙ እየነቀልኩ ሁለት ጣቴን አቃጥያለሁ። አንድ ቀን ተበላሽተው ነው እላለሁ፣ በማግስቱ ክሩ አርጅቶ ነው እላለሁ።

በመጨረሻ ጀማል ሱቅ ሄድኩና አዲሶቹ ይተነፍሳሉ አልኩት። «አዲስ ቫልቭ ይጮኻል እንጂ አይተነፍስም» አለና ቀና ብሎ ሳያየኝ ዕቃ መደርደር ጀመረ። «እንግዲያው መጥተህ አረጋግጥልኝ» አልኩት።

እሁድ መጣ። በቀጥታ ሄዶ ከመሳቢያህ ጀርባ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ ጥንድ አለ፤ እንደዚያኞቹ የጀርመን፣ ግን አንድም ቀን ያልበራ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥከው እንደሆነ፣ አደራህን መንካት ከብዶት እስካሁን እንዳላወጣው ነገረኝ። እኔ የማላውቀውን ቆርቆሮ እሱ ያውቀዋል። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም» አለኝ። ዞርኩ። እየቀያየረ፣ በየመሀሉ እስኪሞቁ እየጠበቀ አራት ጊዜ አሰማኝ። አራቱንም ለየሁ። በአዲሶቹ ድምፅህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚመጣ ነው። ከብስኩት ቆርቆሮው በወጡት የጀርመኖቹ ደረት አለህ፤ እዚያው ወንበርህ ላይ የተቀመጥክ ነው የሚመስለው። ዝም ስትልም ዝምታው ንጹሕ ነው፣ ጉምጉምታ የለውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክርህ ገባኝ።

ግን ያ ንጹሕ ዝምታ ውስጥ ትንፋሽህ ብቻውን ቀረ። ከአዲሶቹም ይልቅ ጎልቶ ሲር ይላል። አሥራ አምስት ዓመት የሠሩት ቫልቮቻችን ደክመው ስለነበር፣ ድምፁን ሁሉ ሲያለሰልሱ ያንንም አብረው ሸፍነውት ኖረዋል።

ጀማል ማሽኑን አጠፋ። «አስካለ፣ ያውቅ ነበር» አለኝ። «ክሩ ከመቀዳቱ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ብትሰማ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብሎ አስማለኝ።»

«ያኔ ብመጣስ ይድን ነበር?»

«ሐኪሙ አይመስለኝም ነው ያለው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ?»

ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ዝናብ ነበር፤ በሩ ሥር ቆመ። ልግባ አላለም፣ እኔም ግባ አላልኩም። ጃንጥላ የወሰደችለት ራሔል ናት። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና መጥቶ እዚያው ቆመ። በሦስተኛው እሁድ ግባ አልኩት፤ ምሳ በላን። መሐላ አስሮት ከኔ እኩል ሲጨነቅ እንደኖረ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ታዬ። አንተ አላየኸውም።

አሁን የቆርቆሮውን የጀርመን ጥንድ ገጥሜ ተውኩት። ስለ ቫልቮቹ ልክ ነበርክ። ስለ እኔ ግን ተሳስተሃል። ጥዬ እመጣ ነበር፣ እውነት ነው። ዲፕሎማውም ይቀር ነበር። አሥር ወር ግን አጠገብህ እሆን ነበር። ስታስል እሰማ ነበር። ዛሬ ራሔልን የማሳድገው በዚያው ዲፕሎማ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል፤ እንዳልረግምህ አፌን ይዘኸኛል።

ራሔልን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ አባዬ ውሸታም ነበር?» አለችኝ። «ፈርቶ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔን እንዳትፈሪኝ እሺ?» ብላ ወደ ጥናቷ ተመለሰች። የዚያን ዕለት ነው አገላብጦ የሚያሳድረኝ ነገር ትንሽ የለቀቀኝ። ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ነገ ደግሞ መነሳቱ አይቀርም።

እኔ አልረሳህም። ነገር ግን ለቀስተኛው እንዳወደሰህ ብቻ አድርጌ አልይዝህም። ሰው ሲጠይቀኝ ጥሩ ባል ነበር ብዬ አላልፍም። እጅህ ወርቅ እንደነበር እነግራለሁ፤ እልኸኛ እንደነበርክም፣ ለብቻህ ታመህ ለብቻህ እንደተጨነቅህም፣ በዚህም እንደተቀየምኩህ እነግራለሁ። እስካለሁ ድረስ፣ ሳላሳምርህ አስታውስሃለሁ።

ያንተው አስካለ