የስቱዲዮአችንን በር ዘይት ለቀቡት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የታላቁ ፊልም ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ሕንፃዎ ከፍ ብሎ፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባ አዳራሽዎ ምንጣፍ ለስልሶ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ከነጓዙ የጠቀለሉት ትንሽ ስቱዲዮ የፊልም አርታኢ ነበርኩ፤ ዛሬ በእርስዎ ቸርነት «የይዘት ማስተባበሪያ ረዳት» ተብያለሁ። ምን እንደማስተባብር የሚነግረኝ ሰው የተገኘ ዕለት ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

እንደሚያውቁት ስቱዲዮአችን ቀድሞ ጋራዥ ነበር። «ጋሽ ድገሙ» የምንላቸው ዳይሬክተራችን በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ሶፋና ሲጢጥ በሚል በር ጀመሩት። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር እርስዎ ደርሰውልን፣ «የነበረው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል» ብለው ገዙን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጡ በማግስቱ በሩን ዘይት ስላስቀቡልን እናመሰግናለን። ያ በር በፊልሞቻችን ሁሉ ተውኗል፤ እስር ቤትም ሆኗል፣ የሙሽራ ቤትም ሆኗል፣ ተመልካቹም ድምፁን በሰማ ቁጥር ያጨበጭብለት ነበር። ጋሽ ድገሙ ዝምታውን ሲሰሙ «ዋናውን ተዋናይ ገደሉብኝ» ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

፪. ሶፋውንም ስለወሰዱልን እናመሰግናለን፤ ጋሽ ድገሙን አስቀድመው ስላስነሡልን ደግሞ በተለየ ሁኔታ።

፫. ከሽያጩ በፊት ጨርሰነው የነበረውን የመጨረሻ ፊልማችንን በመጋዘንዎ ስለቆለፉልን ምስጋና ያንሰናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየፊልሙ የሰው እናት ሆነው ሲያለቅሱልን የኖሩት ተዋናያችን «እትዬ እናት» በዚህኛው ባንክ ይዘርፋሉ። የጥናት ክፍልዎ ግን ተመልካች እንዲህ ያለች እናት ማየት እንደማይፈልግ ደርሶበታል። እትዬ እናት በየሳምንቱ እየደወሉ ፊልሙ መቼ እንደሚታይ ይጠይቁኛል፤ «ጥናት ላይ ነው» እላቸዋለሁ። «እኔን ነው የሚያጠኑኝ? በል ቶሎ ይጨርሱ በላቸው ልጄ፤ ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉኝ ባለፈው። መልእክታቸውን እንደወረደ አድርሻለሁ።

ከምድር ቤቱ ቢሮዬ፣ ከአሮጌ ወንበሮች መካከል፣ ወደ ላይኛው ፎቅ አንጋጥጬ እጅ የምነሣ፤

የሚያስተባብረው ያጣ አስተባባሪ

ማሳሰቢያ፦ በሩን በመስታወት በር ሲያስቀይሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛዎ አሮጌውን «ገላገላችሁን» ብሎ ሰጠን። ዘይቱን በሳሙና አጥበን እትዬ እናት ጓዳ ገጠምነው፤ እንደ ድሮው ይጮኻል። ትናንት የድምፅ ክፍልዎ ባለሙያ ለአዲሱ ፊልምዎ የሚሆን የበር ድምፅ አጥቶ ሊቀዳው ቢመጣ፣ እትዬ እናት በክብር አስተናገዱት። ድምፁን የሚቀዳው ፊልማቸው የታየ ዕለት መሆኑን በትሕትና ገልጸው፣ ከዝርፊያው ፊልም በቀሰሙት ልምድ መሠረት ማይክሮፎኑን በመያዣነት አስቀርተዋል።