ብርድ ልብሱ ሲሰቀል

ከሱቁ የጓሮ በር አጠገብ ተቀምጦ ለሚያዳምጠኝ ለአባዬ፣

የሄደ ሰው የቀሩትን ይሰማል? ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ነው፤ እኔ ግን አንተኑ ልጠይቅህ። ከተለያየን ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ። የምትሰማኝ ከሆነ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ባትሰማኝም እንደ ልማዴ አነብልሃለሁ።

ሱቁን እማ ይዛዋለች። ከእንጦጦ የሚወርደው የጠዋት ብርድ ስለከበዳት ያንተን ሹራብ እጅጌውን ጠቅልላ ነው የምትለብሰው። ወንበርህ እዚያው ነው። ከድመቷ በቀር ማንም አልተቀመጠበትም።

እኔ ደግሞ ያው ሥራ ፈላጊ ነኝ። ዲግሪዬን እማ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። ልቤ ግን፣ በቃ፣ ከማይኩ አልተነሳም። ትዝ ይልሃል? ልጅ ሆኜ ስኳር የምትጠቀልልበትን የድሮ ጋዜጣ ሳነብልህ፣ ዜናው ሳያልቅ ወረቀቱን አትቀድድም ነበር። ደንበኛው ቆሞ "ጋሽ ሸምሱ፣ ኧረ ስኳሩ!" ሲልህ "ቆይ፣ ትጨርስ" ትለው ነበር። ስመረቅ ማይኩን ከመርካቶ ገዝተህ በዚያው ጋዜጣ ጠቅልለህ አመጣህልኝ። "አሁን ደግሞ ከሱቁ ውጭ ያለ ሰው ይስማሽ" አልከኝ።

ያ ማይክ አንተ ከሄድክ በኋላ አስቸገረኝ። የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት አንባቢ ይፈልግ ነበርና የሙከራ ንባብ ላክሁ። "ድምፅሽ ደስ ይላል፤ ከጀርባው ግን ጩኸት አለ። አስተካክለሽ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ላኪልን" አሉኝ። ሄድፎኑን አድርጌ ባዳምጠው እውነታቸውን ነው። "እምምም" የሚል ነገር ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ተኝቷል። አንተ እያለህ የቀዳኋቸውን ከፍቼ ሰማሁ፤ ጥርት ያሉ ናቸው። ክፍሉ ያው፣ ማይኩ ያው፣ ያነበብኩትም እኔው። ታዲያ ምን መጣብን?

ገመድ ቀየርኩ። የላፕቶፑን ማራገቢያ ጠረግኩ። ጩኸት የሚያጠፋ ፕሮግራም ጫንኩ፤ እሱ ደግሞ ጩኸቱን ሲያጠፋ ድምፄንም አብሮ በልቶ ጀሪካን ውስጥ ገብቼ የማወራ አስመሰለኝ። የሱቁ ፍሪጅ ከክፍሌ ግድግዳ ጀርባ መቆሙን አጥቼው አይደለም። ግን እንዴት ልጠርጥረው? ከእኔ መወለድ በፊት የነበረ፣ ያን ጥርት ያለውን ሁሉ ስቀዳም እዚያው የቆመ ነው።

ባለፈው ሳምንት እማ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሚኪ መጣ፣ ያ በጳውሎስ መስመር ታክሲ ላይ ረዳት የሆነው። ለስላሳ ሰጠሁት። ጠርሙሱን ገና ሲይዘው ደነገጠ።

"ውይ፣ በረዶ ሆኗል እኮ! ነጁ፣ ማንበብ ተውሽ እንዴ?"

ማንበብና ለስላሳ ምን አገናኛቸው አልኩት። ሳቀብኝ። ለካ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቴ ላይ ብርድ ልብሱን ስሰቅል ከወንበርህ ሆነህ ታየኝ ነበር። ለካ ወዲያው ተነስተህ የፍሪጁን ሶኬት ትነቅል ነበር። ረዳቶቹ "ጋሽ ሸምሱ፣ ለስላሳ ነው ሻይ የምትሸጥልን?" ብለው ሲቀልዱብህ፣ "ልጄ እያነበበች ነው፤ ለብ ያለ ለጉሮሮ ጥሩ ነው፣ ጠጡ" ትላቸው ነበር።

እኔ ጥሩ ማይክ ያለኝ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ።

ማታ ለእማ ነገርኳት። "ሞተሩ አርጅቷል፣ ማረፍ አለበት እያለ ነበር እኮ የሚሸውደኝ!" ብላ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥላ ሶኬቱን ልትነቅልልኝ ተነሳች። ያዝኳት። የጳውሎስ ሆስፒታል ጠያቂዎች ወተት የሚገዙት ከእሷ ነው፤ ወተት ደግሞ እንደ ረዳቶቹ አይቀልድም።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ሚኪ ከጎሚስታ ቤት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አመጣ። ፍሪጁን ከግድግዳው አራቅነው፣ ጎማውን ከእግሮቹ ሥር አነጠፍን፣ ንዝረቱ ወደ ክፍሌ መሻገሩን ተወ። ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር የተሰካውን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩና በባትሪ ሠራሁ፤ የእምምታው ግማሽ ለካ በእሱ በኩል ነበር የሚገባው። ፍራሼን ግድግዳው ላይ አቆምኩ፣ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ጩኸቱ ይህን ያህል ሲያንስ ፕሮግራሙ የቀረችውን ብቻ ጠረጋት፣ ድምፄን አልነካም። ለስላሳውም ቀዝቃዛ፣ ንባቡም ጥርት ያለ ሆነ። እንደገና ላክሁት።

ትናንት መልሱ መጣ። ለጊዜው አንድ መጽሐፍ ሰጥተውኛል፣ የሦስተኛ ክፍል ሳይንስ። ከዚያ በኋላ ያለውን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ታውቀኝ የለም እንዴ።

አሁን ለመቅዳት ስቀመጥ ብርድ ልብሱን እሰቅላለሁ፣ ማይኩን እከፍታለሁ፣ ከዚያም ጥቂት ሰከንድ ዝም እላለሁ። ፕሮግራሙ ባዶውን ክፍል አድምጦ የሚጠርገውን እንዲለይ ነው። እኔ ግን በዚያች ዝምታ ውስጥ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ማይክ እስከያዝኩ ድረስ አንድም ንባብ ያለዚያች ዝምታ አልጀምርም፣ ቃሌ ነው።

አንተም የምትለኝ ካለህ እዚያች ላይ በልልኝ፣ አባዬ። ሄድፎኑን አድርጌ እጠብቅሃለሁ። የሰማሁትን አልጠርገውም።

ልጅህ ነጁ